ምንጣፍ ላይ የሚሠራ ፒላቴስ ከላስቲክ፣ ከቀለበትና ከትንሽ ኳስ ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምንጣፍ ዘርግቶ ፒላቴስ የሚባለውን፣ በዝግታና በቁጥጥር የሚሠራ የሰውነት ማጠንከሪያ ልምምድ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ላስቲክ ወይም ቀለበት (በእጆች ወይም በጭኖች መሐል ተይዞ የሚጨመቀውን ትልቅ ቀለበት) ያምረዋል። ጥያቄው የሚበዛውም ያኔ ነው። ደጋግመው የሚቀርቡልኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ስለሚያስፈልገው ነው። አንድ ሐሳብ ግን በብዙዎቹ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ላስቲክ መሳብ ለማንም አይከብድም። ሥራው ያለው ሲመለስ ይዞ በዝግታ በመልቀቁ ላይ ነው።

ፒላቴስ በባዶ ምንጣፍ የሚሠራ አይደል እንዴ? ዕቃው ለምን አስፈለገ?

በባዶ ምንጣፍም ሙሉ ስፖርት ነው። የዘዴው ፈጣሪ ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ አስም ያሠቃየው ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ብሪታንያ ውስጥ ስለነበር፣ ጀርመናዊ በመሆኑ ብቻ ካምፕ ውስጥ ታግቶ ቆየ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ስቱዲዮ ከፈተ። በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎችን በፎቶ አሳየ። ዛሬ ምንጣፍ ላይ የምንሠራው መሠረቱ ይኸው ነው።

እሱ ራሱ ግን መሣሪያም ይሠራ ነበር። "ሪፎርመር" የሚባለው ተንሸራታች አልጋ የእሱ ፈጠራ ነው፤ የሚሠራውም በስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ ስትገፉ ይቋቋማችኋል፣ ስትመለሱ ደግሞ ይጎትታችኋል። ያን ጉተታ ሳይቸኩሉ ተቆጣጥሮ መመለስ ነው ሰውነትን የሚያሠለጥነው። ምንጣፍ ላይ ስፕሪንግ የለም። ላስቲኩ የሚተካው እሱን ነው። ቀለበቱም የመጣው ትናንት አይደለም፤ ከጆሴፍ ፒላቴስ ዘመን ጀምሮ አለ።

አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ብፈልግ የቱን ልግዛ?

ረጅሙን ጠፍጣፋ ላስቲክ። 2 ሜትር ገደማ ከሆነ ለቁመተ ረጅም ሰውም ይበቃል። እግር ላይ ይጠመጠማል፣ በእጅ ይሳባል፣ ጀርባ ሥር ይነጠፋል፣ በመጨረሻም ለማሳሳብ ያገለግላል። ከሌሎቹ ዕቃዎች አንዱም ይህን ሁሉ አይሠራም።

ሁለተኛ ዕቃ ካሰባችሁ ትንሿን ለስላሳ ኳስ እመርጣለሁ፤ ስፋቷ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነችውን። ሙሉ በሙሉ አትንፏት። ስትጫኗት ትንሽ የምትሰጥ መሆን አለባት፤ ያለዚያ ታንሸራትታችኋለች። ከዚያ አጭሩ ክብ ላስቲክ ይከተላል፤ ለመቀመጫና ለዳሌ ጎን ጡንቻዎች በጣም ጥሩ ነው። ቀለበቱ ለውስጠኛው ጭንና ለደረት ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ የሚገዛ አይመስለኝም። ቀላል ዳምቤልና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት የምትፈልጉ ከሆነ ከግማሽ ኪሎ ጀምሩ። "ግማሽ ኪሎ ምን ይሠራል?" ትሉ ይሆናል። እጃችሁን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ትንንሽ ክብ ስትሠሩበት መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

የላስቲኩን ጥንካሬ በቀለሙ ልምረጥ?

ቀለሙን ብቻ አትመኑ። አንዱ አምራች ቀይ ያለውን ሌላው አረንጓዴ ይለዋል። በእጃችሁ ሞክሩት። ትክክለኛው ላስቲክ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በዝግታ የምትሠሩበት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚከብዱበት፣ ግን የሰውነታችሁ አቀማመጥ የማይበላሽበት ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ወይም ወገብ ከተቆለመመ ላስቲኩ ጠንክሮባችኋል።

ስለ ላስቲክ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዳምቤል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክብደቱ ያው ነው። ላስቲክ ግን በተለጠጠ ቁጥር ይከብዳል። መነሻው ላይ ቀላል፣ መድረሻው ላይ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰውነት የሚያጭበረብረው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። በሌላ በኩል ይህ ጠባዩ ይጠቅማችኋል። አጠር አድርጋችሁ ከያዛችሁት ይከብዳል፣ ረዘም ካደረጋችሁት ይቀላል። አንዱ ላስቲክ የሦስት ላስቲክ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ለእግር ጠንከር ያለውን፣ ለእጅና ለትከሻ ሳሳ ያለውን ያዙ።

ዕቃ ሲጨመር እንቅስቃሴው ይከብዳል አይደል?

ሁልጊዜ አይደለም። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ዕቃን የሚያየው እንደ ማክበጃ ብቻ ነው።

በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ዘርግቶ፣ አከርካሪን አንድ በአንድ እያነሱ መቀመጥን እንውሰድ። "ሮል አፕ" ይባላል። ብዙ ሰው መሐል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በፍጥነት ተወርውሮ ይነሳል፣ ወይም እግሩ ከምንጣፉ ይነሳል። ላስቲኩን ውስጥ እግራችሁ ላይ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፎች በእጃችሁ ከያዛችሁ ግን እሱ ይደግፋችኋል። መሐል ያለችውን አስቸጋሪ ቦታ ቀስ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ሆዳችሁ መሥራት ያለበትን ይሠራል፣ ወገባችሁም አይጎዳም። እዚህ ላይ ላስቲኩ ረዳት ነው።

አንድ እግርን ወደ ላይ አንስቶ በአየር ላይ ክብ መሥራትም እንዲሁ ነው። ላስቲኩ የእግሩን ክብደት በከፊል ሲሸከምላችሁ የዳሌው መገጣጠሚያ ዘና ይላል። የጭናቸው የኋላ ጡንቻ ያጠረባቸው ሰዎች ለውጡን ወዲያው ያዩታል።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። በጀርባ ተኝታችሁ፣ ጉልበት አጥፋችሁ፣ መቀመጫችሁን ወደ ላይ የምታነሱበት "ብሪጅ" አለ። አጭሩን ላስቲክ ከጉልበታችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብታስገቡ ጉልበቶቻችሁን ወደ ውስጥ ይስባል። እናንተ ደግሞ በዳሌው ስፋት ልክ ከፍታችሁ ማቆየት አለባችሁ። የመቀመጫ ጎን ጡንቻዎች ወዲያው ይነቃሉ። ላስቲኩን አውጥታችሁ ኳሷን በጉልበቶቻችሁ መሐል ብታደርጉ ደግሞ የሚሠራው የውስጠኛው ጭን ነው። እንቅስቃሴው አንድ ነው፤ የሚሠራው ጡንቻ ተቀየረ።

ኳስም ሁለት ፊት አላት። ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ ስታዘነብሉ ከወገባችሁ ጀርባ ብትሆን ድጋፍ ናት። በብሪጅ ጊዜ እግራችሁ ሥር ብትሆን ግን ትነቃነቃለች፤ ሚዛን መጠበቁ ራሱ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት "ዛሬ ከዚህ የምፈልገው እርዳታ ነው ወይስ ፈተና?" ብላችሁ ጠይቁ።

መቼ ላስገባ፣ መቼ ላውጣ? አተነፋፈሱ ያምታታኛል።

ስትገፉ፣ ስትስቡ ወይም ስትነሱ በአፍ አውጡ። ስትመለሱ በአፍንጫ አስገቡ። አየሩን ወደ ጎድን አጥንቶቻችሁ ጎንና ጀርባ ላኩት፤ ሆድ ብቻ እንዲነፋ አታድርጉ። ላስቲኩን በደረታችሁ ዙሪያ አዙራችሁ ፊት ለፊት አቋርጣችሁ ብትይዙት፣ አየር ስታስገቡ ጎናችሁ ላስቲኩን ሲገፋው ይሰማችኋል። ጥሩ መማሪያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከጠፋባችሁ አትጨነቁ፤ ብቻ ትንፋሽ አትያዙ። በተለይ ቀለበት ሲጫኑ ሳያውቁት ትንፋሽ መያዝ የተለመደ ነው። ይህ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

"ሆድህን ሳብ" ሲሉኝ እምብርቴን እስከ ጀርባዬ እጨምቃለሁ። ልክ ነኝ?

በዝቷል። የሚፈለገው ከእምብርት በታች ያለው ቦታ በትንሹ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ነው፤ ሽንት ለመያዝ የምንጠቀምባቸው የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም አብረው ቀስ ብለው ይነሳሉ። እያወራችሁ ልትይዙት ከቻላችሁ መጠኑ ልክ ነው። መተንፈስ ካቃታችሁ ለቀቅ አድርጉት።

የሆድ ሥራ ስሠራ ሆዴን ሳይሆን አንገቴን ያመኛል። ለምን?

ይህን የማይጠይቅ ጀማሪ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ የሚነሳው በአንገት ስለሆነ ነው። መነሳት ያለበት ግን ከደረት ጀምሮ ነው። አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጎድን አጥንቶች ወደ ዳሌ ይቀርባሉ፣ ጭንቅላት ይከተላል። ዓይን የሚያየው ጣሪያውን ሳይሆን ጭንን ነው።

ሁለት መፍትሔ አለኝ። አንደኛው፣ ኳሷን በግማሽ አየር ብቻ ነፍታችሁ ከላይኛው ጀርባችሁ ሥር አድርጉ። ግማሹን መንገድ እሷ ታነሳችኋለች። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ረጅሙን ላስቲክ ምንጣፉ ላይ በቁመት አንጥፉና የላይኛው ጀርባችሁና ጭንቅላታችሁ እላዩ ላይ እንዲያርፉ ተኙ። ከጭንቅላታችሁ በላይ የቀረውን ጫፍ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ስትነሱ ላስቲኩ ጭንቅላታችሁን እንደ አንቀልባ ያዝላል። የአንገት ጡንቻ ያርፋል፣ ሆድ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካመማችሁ ጭንቅላታችሁን አስተኙት። ጭንቅላት ምንጣፍ ላይ ሆኖ እግርን በተራ ማንሳትና ማውረድም የሆድ ሥራ ነው። ማንም እንደ ሰነፍ ሊያያችሁ አይገባም።

በቤቴ ልሠራው የምችል የ25 ደቂቃ ልምምድ ስጡኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለጀማሪም፣ ትንሽ ለቆየ ሰውም ይሆናል። የሚለያየው የላስቲኩ ጥንካሬ ነው።

በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበት አጥፉ። ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ብቻ ተንፍሱ፤ ዳሌያችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘንብሉ። ይህን አትዝለሉት። ቀጥሎ አጭሩን ላስቲክ ከጉልበት በላይ አስገቡና ብሪጅ 10 ጊዜ። በአራት ቆጠራ ውጡ፣ በአራት ቆጠራ አከርካሪያችሁን እያስተኛችሁ ውረዱ። አሥረኛው ላይ ከፍ ብላችሁ ቆዩና ጉልበታችሁን ትንሽ ከፈት፣ መለስ፣ ከፈት፣ መለስ፤ 10 ጊዜ።

አሁን ረጅሙን ላስቲክ ያዙ። አንድ ጉልበት ወደ ደረት አምጡ፣ ላስቲኩን ውስጥ እግራችሁ ላይ አድርጉ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ትከሉ። እግራችሁን ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፍታችሁ ዘርጉ። ከዚያ ወደ ደረት ሲመለስ ላስቲኩ እንዳይነጥቃችሁ በአራት ቆጠራ መልሱት። በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ። ከሪፎርመሩ የእግር ሥራ ጋር በጣም የሚቀራረብ ይህ ነው፤ ጊዜ የሌለኝ ቀን እንኳ አልተወውም። እግራችሁ ሲዘረጋ ወገባችሁ ከምንጣፉ ከተነሳ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። ዝቅ ባለ ቁጥር ለሆድ ይከብዳል።

ቀጥሎ ሮል አፕ በላስቲክ ድጋፍ 6 ጊዜ። ከዚያ በጎን ተኙ። አጭሩ ላስቲክ ከጉልበት በላይ፣ ተረከዞች የተገናኙ፣ የላይኛው ጉልበት ብቻ ይከፈታል። በእያንዳንዱ ጎን 12። ዳሌያችሁ ወደ ኋላ እንዳይንከባለል ግድግዳ አስደግፉት። ጉልበቱ ብዙ ካልተከፈተ ምንም አይደለም፤ በስፋት የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳሌውን ነው የሚያዞረው።

ተቀመጡ። እግር ተዘርግቶ ላስቲኩ ውስጥ እግር ላይ፣ ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ ክርናችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፤ 10 ጊዜ። እግር ዘርግቶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከከበዳችሁ የታጠፈ ፎጣ ወይም ትራስ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተገልብጣችሁ በሆድ ተኙ፤ እጆቻችሁን ከትከሻችሁ ጎን አድርጋችሁ ደረታችሁን በትንሹ አንሱና መልሱ፤ 6 ጊዜ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ለሚውል ሰው ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ "ሃንድረድ"። በጀርባ ተኝታችሁ ኳሷን ወይም ቀለበቱን በጭኖቻችሁ መሐል ያዙ፣ ጉልበት እንደታጠፈ እግራችሁን አንሱ። እጆቻችሁን ከጎናችሁ በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች እየመታችሁ ለ5 ምት አስገቡ፣ ለ5 ምት አውጡ። 10 ዙር 100 ምት ይሆናል። ለጀማሪ 5 ዙር ይበቃል። ከዚያ ላስቲኩን እግራችሁ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ጭን ለ30 ሰከንድ ያህል አሳስቡ። በቃ።

በሳምንት ስንት ቀን? ጂም መሄዱን ይተካል?

ሦስት ቀን በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለትም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ከዚህ በተጨማሪ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ። ከላስቲክ ጋር የሚሠራ ፒላቴስ ለሁለተኛው ክፍል ይረዳል። ለመጀመሪያው ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሳይክል ወይም ዋና ጨምሩ። ከባድ ክብደት ማንሳት የምትወዱ ከሆነም አትተዉት፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጋጩም።

ቦርጭ ያጠፋል?

ብቻውን አያጠፋም። የሆድ ጡንቻን መሥራት የሆድን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። የሚጠነክር ሆድ፣ የሚስተካከል አቋምና ያለ ሕመም የሚጎነበስ ወገብ ግን ይሰጣችኋል። እኔ ይህ ያነሰ ስጦታ አይመስለኝም።

ላስቲኩ ጭኔ ላይ እየተጠቀለለ ያስቸግረኛል።

ሰፊውን የጨርቅ ዓይነት ውሰዱ፤ ወይም በባዶ ቆዳ ሳይሆን በሱሪ ላይ አድርጉት።

የወገብ ሕመም አለብኝ። ነፍሰ ጡር ነኝ። አጥንቴ ሳስቷል ተብያለሁ። ልሥራ?

ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ለሦስቱም መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይያችሁ። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን አስቡ።

ለቆየ የወገብ ሕመም ፒላቴስ ብዙ ሰው የሚረዳ አማራጭ ነው። በዝግታና በቀላል ላስቲክ ጀምሩ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም እግር የሚያዝል ከሆነ ግን ልምምዱን አቁማችሁ ታከሙ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በእርግዝና ጊዜ ከ4ኛው ወር በኋላ በጀርባ ለረጅም ጊዜ መተኛት አይመከርም። በጎን ተኝቶ፣ ተቀምጦ፣ በእጅና በጉልበት ተደግፎ ብዙ ነገር መሥራት ይቻላል፤ ላስቲኩም ለጀርባና ለትከሻ ጥሩ ነው። ከወሊድ በኋላ ስትነሱ ሆዳችሁ መሐል ለመሐል እንደ ጉብታ ወደ ውጭ ከወጣ ሮል አፕና ሃንድረድ ጊዜያቸው አልደረሰም። በመተንፈስና በዳሌ ወለል ሥራ ጀምሩ። ማንም አያስቸኩላችሁ።

አጥንት ለሳሳበት ሰው ዋናው ማስጠንቀቂያ አከርካሪን ወደ ፊት ማጠፍ ነው። ሮል አፕ፣ በጀርባ መንከባለል፣ ጭንቅላት ተነስቶ የሚሠራ ሃንድረድ ይቅሩ፤ የተዳከመ የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ላስቲክ መሳብ፣ ብሪጅ፣ የጎን ሥራና ደረትን በቀስታ ማንሳት ግን ሐኪም ከፈቀደ ይጠቅማሉ። "ፒላቴስ ለስላሳ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል" የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ አልቀበለውም። ለስላሳ መሆኑ ሁሉም እንቅስቃሴ ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለት አይደለም።

የዮጋ ምንጣፌ አይበቃም?

ቆመው ለሚሠሩና ለእጅ እንቅስቃሴዎች ይበቃል። ግን አብዛኛው የዮጋ ምንጣፍ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጀርባ ስትንከባለሉ አከርካሪያችሁ መሬቱን ይነካዋል። ለፒላቴስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይመረጣል። ለጊዜው ሥሩ ብርድ ልብስ ማጠፍም ይቻላል።

ላስቲኩ ቢበጠስስ? እንዴት ልያዘው?

በተለይ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ቀላል ነገር አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱት። ትንሽ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካለ ጣሉት፤ አትቋጥሩት። ከመነሻ ርዝመቱ ከእጥፍ ብዙ አታሳልፉት። እግር ላይ ስታደርጉት ከጣቶቻችሁ ሥር ሳይሆን ውስጥ እግራችሁ መሐል ይሁን፤ ከተንሸራተተ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመጣው። የጣት ቀለበትና ስለታም ጌጥ አውልቁ።

ከፀሐይና ከሙቀት አርቁት፣ ላብ ሲነካው በውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። የጎማ አለርጂ ያለባችሁ ደግሞ ላቴክስ የሌለበትን ጠይቃችሁ ግዙ። ቆዳን የሚያሳክክ ወይም የሚያቀላ ነገር ካያችሁ በዚያው ላስቲክ አትቀጥሉ።

ወደ ጠንካራው ላስቲክ መቼ ልሸጋገር?

12 ጊዜ ሠርታችሁ 12ኛው ከመጀመሪያው ጋር ሲመሳሰል። መውጣቱ ብቻ ሳይሆን መመለሱም። አራት ቆጠራው ወደ ሁለት ካላጠረ፣ ትከሻ ካልተነሳ፣ ትንፋሽ ካልተያዘ፣ ዝግጁ ናችሁ። መጀመሪያ ያንኑ ላስቲክ በአንድ መዳፍ ያህል አሳጥራችሁ ሞክሩ። እሱም ሲቀል አዲሱን ያዙና ድግግሞሹን ወደ 8 መልሱት። ለእግር ከፍ ስላላችሁ ለእጅም ከፍ ማለት የለባችሁም።